በአሮጌ ሴስና 172 ላይ የትከሻ ቀበቶ እንዴት ይገጠማል

የአሜሪካ ሕግ ለትናንሽ አውሮፕላኖች የፊት መቀመጫ የትከሻ ቀበቶን ግዴታ ያደረገው እ.ኤ.አ. ከጁላይ 18 ቀን 1978 በኋላ ለተመረቱት ነው። ከዲሴምበር 12 ቀን 1986 በኋላ ለተመረቱት ደግሞ ግዴታው ሁሉንም መቀመጫ ይሸፍናል። ከ1978ቱ ቀን ቀድመው የተሠሩት ግን አሁንም በወገብ ቀበቶ ብቻ መብረር ይችላሉ። ሴስና 172 ከ1956 ጀምሮ ሲሸጥ ስለኖረ፣ ሕጉ ያልደረሰባቸው ብዙ አውሮፕላኖች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው።

ሕጉ ስላላስገደደ መተው ግን ትክክል አይደለም። በወገብ ቀበቶ ብቻ የታሰረ ሰው አውሮፕላኑ በድንገት ሲቆም ከወገቡ ታጥፎ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ጭንቅላቱና ደረቱ የሚያርፉት ዳሽቦርዱና መሪው ላይ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ1985 ባወጣው ጥናት፣ መትረፍ በሚቻልባቸው አደጋዎች ከሞቱት 20 በመቶዎቹ የትከሻ ቀበቶ ቢያስሩ ኖሮ ሊተርፉ ይችሉ እንደነበር፣ ክፉኛ ከተጎዱት ደግሞ 88 በመቶዎቹ ጉዳታቸው በብዙ ይቀልላቸው እንደነበር ደምድሟል። ለአሮጌ አውሮፕላን ገንዘብ ከሚወጣባቸው ነገሮች መካከል፣ ከአዲስ ሬዲዮም ከአዲስ ቀለምም በፊት ይህ መቅደም አለበት።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ያለውን የመቀመጫ ቀበቶ በተፈቀደ አዲስ ቀበቶ መተካት ባለቤቱ ፓይለት ራሱ ሊሠራው የሚችል ጥገና ነው። ቀድሞ ያልነበረ የትከሻ ቀበቶ መግጠም ግን የአውሮፕላን ማሻሻያ ስለሆነ ፈቃድ ያለው መካኒክ ይሠራዋል፤ ባለቤቱ ከሠራም በመካኒኩ ክትትል ሥር ሆኖ ነው፣ የሚፈርመውም መካኒኩ ነው። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛት በፊት ከመካኒኩ ጋር ተነጋገሩ። የገዛችሁትን ኪት (የተሟላ የመግጠሚያ ዕቃ ስብስብ) አልፈርምበትም ካለ ገንዘባችሁ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።

መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው አውሮፕላኑን የሠራው ፋብሪካ ለዚያ ሞዴልና ለዚያ መለያ ቁጥር ያወጣው ኪት ነው። ሁለተኛው ሌላ አምራች በአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር አጽድቆ፣ ኤስ.ቲ.ሲ. በሚባለው ተጨማሪ የምስክር ወረቀት የሚሸጠው ኪት ነው። በዚህ መንገድ ስትሄዱ የምስክር ወረቀቱ ባለቤት ለእናንተ አውሮፕላን የሰጠው የጽሑፍ ፈቃድ በእጃችሁ መኖር አለበት፤ ከሌላ ሰው አውሮፕላን የተፈታ ኪት ርካሽ ቢሆንም ያለዚያ ደብዳቤ አይጠቅምም። ሦስተኛው መንገድ አስተዳደሩ በ2000 ያወጣው መመሪያ ነው። ከላይ ከተጠቀሱት ቀኖች በፊት ለተመረቱ አውሮፕላኖች፣ መዋቅሩ ሳይበሳና ሳይበየድ፣ በነበረ ቀዳዳ ወይም በማቀፊያ ክላምፕ የሚታሰር ቀበቶ እንደ ቀላል ማሻሻያ ተቆጥሮ በመካኒኩ ፊርማና በሎግ ቡክ (የአውሮፕላኑ የጥገና መዝገብ) ማስታወሻ ሊያልቅ ይችላል። እንደ ፓይፐር ከብ ያሉ፣ አጽማቸው ከብረት ቱቦ የተሠራ አውሮፕላኖች ከዚህ መንገድ ብዙ ይጠቀማሉ፤ ክላምፑ ቱቦውን አቅፎ ይይዛልና።

ለሴስና 172 የምንመክረው አንደኛውን ወይም ሁለተኛውን ነው። ሥዕሉ ተዘጋጅቷል፣ የጥንካሬው ስሌት አልቋል፣ የሚያስፈልገው ማጠናከሪያ ላሜራም በሳጥኑ ውስጥ አለ።

የመኪና ቀበቶ አትግጠሙ። ጠንካራ ሊመስል ይችላል፤ ግን ቲ.ኤስ.ኦ. የሚባለው፣ አስተዳደሩ ለአውሮፕላን ዕቃ ያወጣው ዝቅተኛ መስፈርት መለያ የለበትም። ለወገብ ቀበቶ ቲ.ኤስ.ኦ. ሲ22፣ ለትከሻ ቀበቶ ቲ.ኤስ.ኦ. ሲ114 የሚል ጽሑፍ በቀበቶው ላይ መሰፋት አለበት። ጽሑፉ የደበዘዘበት ወይም የተቆረጠበት ቀበቶ ጨርቁ አዲስ ቢመስልም ዓመታዊ ምርመራ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

መቀመጫው ካልቆመ ቀበቶው አይሠራም

ኪቱን ከመክፈታችሁ በፊት የመቀመጫውን ሐዲድ መርምሩ። የሴስና መቀመጫ ሐዲዱ ላይ ባሉ ቀዳዳዎች ውስጥ በሚገባ ፒን ይቆለፋል። ቀዳዳዎቹ በጊዜ ብዛት ሲሰፉ ወይም ፒኑ ሲበላ መቀመጫው በመነሻ ላይ በድንገት ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ በግጭት ጊዜ ደግሞ ይላቀቃል። ለዚህ ተብሎ የወጣ የግዴታ ምርመራ ትእዛዝ አለ፤ ቁጥሩ 2011-10-09 ነው። ስፋቱ ከ0.42 ኢንች ያለፈ ቀዳዳ ያለበት ሐዲድ ይለወጣል።

የወገብ ቀበቶውንም አብራችሁ ለውጡ። የአንዱ አምራች የትከሻ ቀበቶ ጫፍ ከሌላው አምራች ዘለበት ጋር የገጠመ መስሎ ሲሳብ ሊወጣ ይችላል። አሮጌው ዘለበት ጨርቁን በጥርስ የሚነክስ ዓይነት ከሆነማ ጭራሽ አይፈቀድም፤ ብረት ከብረት ጋር የሚቆለፍ መሆን አለበት።

ዋናው ጉዳይ፦ የት ይታሰር?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስህተቱም ከአደጋው ቀን በፊት አይታይም፤ ቀበቶው ይታሰራል፣ ይጠብቃል፣ ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል።

ደንቡ ይህ ነው፦ ቀበቶው ከትከሻው አናት ተነስቶ እስከሚታሰርበት ነጥብ ድረስ ወይ አግድም፣ ወይ ወደ ላይ እስከ 30 ዲግሪ መሆን አለበት። ወደ ታች ከሆነ ከ5 ዲግሪ በላይ አይፈቀድም። በሴንቲሜትር ስናየው፣ ነጥቡ ከትከሻው 60 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ከሆነ፣ ከትከሻው ከፍታ ቢበዛ 35 ሴንቲሜትር ወደ ላይ ወይም 5 ሴንቲሜትር ወደ ታች ሊሆን ይችላል።

ዝቅ ሲል ለምን ይከፋል? ቀበቶው ትከሻው ላይ ታጥፎ ወደ ታች ስለሚሄድ፣ ሰውየው ወደ ፊት በተወረወረ ቁጥር ትከሻውን ወደ መቀመጫው ይጫነዋል። ያ ጫና የሚያርፈው አከርካሪ አጥንት ላይ ነው። ቀበቶውን በመቀመጫው ጀርባ ላይ አሳልፎ ወለል ላይ ማሰር በየቦታው የሚታይ አቋራጭ ነው፤ የከፋው ስህተትም እሱ ነው። የ172 የመቀመጫ ጀርባ ሰው ለመደገፍ እንጂ ያን ሁሉ ጉልበት ለመሸከም አልተሠራም፤ ታጥፎ ሰውየውን ይዞት ይሄዳል። በተቃራኒው ነጥቡ በጣም ከፍ ካለ ቀበቶው አካሉን ወደ ኋላ ከመያዝ ይልቅ ወደ ላይ ይስበዋል፤ የወገብ ቀበቶውም ከዳሌ አጥንት ላይ ተነስቶ ወደ ሆድ ይወጣል፣ ሰውየውም ከሥሩ ሾልኮ ይወርዳል። ያኔ የሚጎዳው የሆድ ዕቃ ነው።

ለመለካት አውሮፕላኑን የሚያበረውን ሰው ራሱን አስቀምጡ። መቀመጫው በሚበርበት ቦታ ይቆለፍ። ክር ከትከሻው አናት እስከታሰበው ነጥብ ወጥራችሁ ስልክ ላይ ባለ የዲግሪ መለኪያ አንብቡ። ከዚያ ረጅሙንና አጭሩን ሰው አስቀምጣችሁ መቀመጫውን እስከ መጨረሻ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እያደረጋችሁ ድገሙት። ለአንዱ 20 ዲግሪ የነበረው ለሌላው 40 ሊሆን ይችላል።

በኋለኞቹ 172ዎች ፋብሪካው የፊት መቀመጫዎቹን የትከሻ ቀበቶ ያሰረው ከመስኮቱ መስመር በላይ፣ የኋለኛው የበር ምሰሶ ላይ ነው። ይህ ነጥብ ለአንድ ሰያፍ ቀበቶ ይመቻል። ቀበቶው በበሩ በኩል ካለው ትከሻ ወርዶ ደረትን ተሻግሮ፣ ዘለበቱ በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ባለው ዳሌ ጎን ላይ መዋል አለበት። ዘለበቱ እምብርት ላይ ከመጣ የወገቡን ቀበቶ ወደ ላይ ይጎትተዋል። ቀበቶው አንገት የሚነካ ወይም ከትከሻ ጫፍ የሚንሸራተት ከሆነም ቦታው ልክ አይደለም።

ቀጥሎ ጥንካሬው። የ172 ጣሪያ ላሜራ ከአንድ ሚሊሜትር የሳሳ አሉሚኒየም ነው። ብቻውን ላሜራ ላይ የታሰረ ቡሎን እንደ ወረቀት ቀዶት ይወጣል። ስሌቱ ቀላል ነው። አሮጌዎቹ አውሮፕላኖች የተፈቀዱበት ደንብ 170 ፓውንድ የሚመዝን ሰው ወደ ፊት በ9 ጂ (በክብደቱ ዘጠኝ እጥፍ ጉልበት) ሲወረወር እንዲያዝ ይጠይቃል፤ ይህም 1530 ፓውንድ ነው። ከዚህ 60 በመቶው ለወገብ ቀበቶ፣ 40 በመቶው ለትከሻ ቀበቶ ይታሰባል፣ ማለትም 612 ፓውንድ። ለማያያዣው መጠባበቂያ በ1.33 ሲባዛ 814 ፓውንድ፣ ወደ 370 ኪሎ ግራም ይመጣል። ሁለት ሰው በአንድ ነጥብ ላይ ከታሰረ እጥፍ ነው። ይህን የሚችለው ምሰሶ፣ ፍሬም ወይም ዋና ተሸካሚ አካል ነው፤ ያም ሆኖ ብዙ ጊዜ ማጠናከሪያ ይጨመርበታል። የራሳችሁን አውሮፕላን ስቦ መሞከር አይገባም፤ ባይበጠስም የማይታይ ጉዳት ጥሎ ሊሄድ ይችላል።

ቋሚ ወይስ ሪል

ቋሚው ቀበቶ ቀላልና ርካሽ ነው፤ የሚበላሽ ነገር የለውም። ችግሩ በትክክል ሲጠብቅ እጅ አይዘረጋም። በ172 የነዳጅ መምረጫው በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ወለሉ ላይ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ፓይለቱ ስለሚቸገር ቀበቶውን ያላላዋል፣ ቀስ በቀስም ጭራሽ ማሰሩን ይተወዋል። ስለዚህ አቅም ከፈቀደ ሪል (ጨርቁን የሚጠቀልል መንኮራኩር) ያለውን ግዙ፤ በዝግታ ሲሳብ ይለቃል፣ በድንገት ሲሳብ ይቆልፋል። ሪሉ በሥዕሉ ላይ በታየው አቅጣጫ ብቻ ይታሰር። ጨርቁ ቀጥ ብሎ ይውጣ፤ የፕላስቲክ ጠርዝ ከታከከ ይበላል፣ ተመልሶም አይሰበሰብም።

ገጠማው

የጣሪያውን ልባስ በጥንቃቄ አውርዱ። የአሮጌ 172 ፕላስቲክ በፀሐይ ደርቆ እንደ ብስኩት ይሰበራል፤ በፀጉር ማድረቂያ ለስለስ አድርጋችሁ አውጡት። ከተከፈተ በኋላ ከመብሳት በፊት ከኋላው ያለውን በመብራትና በትንሽ መስታወት ተመልከቱ፦ የነዳጅ ቱቦ፣ የመቆጣጠሪያ ኬብል፣ የመብራትና የአንቴና ሽቦ በዚያ አካባቢ ያልፋሉ። ባትሪውን ፍቱ። በድሪሉ ጫፍ ላይ ማቆሚያ እሰሩ።

ኪቱ መብሳት ከጠየቀ በ1/8 ኢንች ጀምራችሁ ደረጃ በደረጃ አስፉ። የቀዳዳው መሃል ከጠርዝ ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት እጥፍ መራቅ አለበት፤ ለ1/4 ኢንች ቡሎን ግማሽ ኢንች ነው። የቀዳዳውን ከንፈር አለስልሱ፣ የተጋለጠውን አሉሚኒየም ፀረ ዝገት ቀቡ፣ ፍርፋሪውን በቫኪዩም ሰብስቡ። ፑሊ ውስጥ የገባ የአሉሚኒየም ፍርፋሪ ኬብል ይበላል።

ቡሎኑ ከኪቱ ጋር የመጣው ወይም ኤ.ኤን. ቁጥር ያለው የአውሮፕላን ቡሎን ይሁን። የኪቱ መመሪያ ሌላ ካላለ ለኤ.ኤን.4 (1/4 ኢንች) ከ50 እስከ 70፣ ለኤ.ኤን.5 (5/16 ኢንች) ከ100 እስከ 140 ኢንች ፓውንድ (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ) ይጠበቃል። ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ሲሆን ዳዶው ያለ ጭነት ለመዞር የሚፈልገውን ጉልበት ለክታችሁ ጨምሩበት። ከዳዶው አልፎ ቢያንስ አንድ ጥርስ መታየት አለበት። የቀበቶው ጫፍ ብረት እንዲዞር ታስቦ ከተሠራ ቡሹን (ቡሎኑ ላይ የሚገባውን ትንሽ ቱቦ) አትርሱ፤ ከጠበቀ በኋላ በእጅ ሲገፋ በነፃ መዞር አለበት። ተጣብቆ ከቀረ ጉልበቱ ሁሉ በጨርቁ አንድ ጠርዝ ላይ ያርፍና ከዚያ መቀደድ ይጀምራል። የሚዞር ማያያዣ ላይ ሥዕሉ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ የሚሰካ የሽቦ ፒን) ያለው ዳዶ ከጠየቀ በናይሎን ዳዶ አትተኩት፤ በመዞሩ ብዛት ሊፈታ ይችላል።

ከመፈረሙ በፊት

ልባሱ ከመመለሱ በፊት መካኒኩ ሁሉንም ይይ። ከዚያ ታስራችሁ ተቀመጡና የነዳጅ መምረጫውን፣ የትሪም ጎማውን፣ የፍላፕ ማንሻውን፣ የበሩን እጀታ ንኩ። ሪሉን በድንገት ሳቡት፤ ወዲያው መቆለፍ አለበት። መሪውን እስከ መጨረሻ ወደ ኋላ ሳቡ፤ ዘለበቱን መንካት የለበትም። በአንድ እጅ፣ ሳታዩ ፍቱት።

ቀሪው ወረቀት ነው፦ የሎግ ቡክ ማስታወሻ፣ የተስተካከለ የክብደትና ሚዛን ስሌት፣ የዕቃ ዝርዝር። ከባድ ማሻሻያ ተብሎ ከተመዘገበ ፎርም 337 ይሞላል፤ ሥልጣን ያለው መርማሪ ይፈርምበታል፣ አንዱ ቅጂም አውሮፕላኑ ለበረራ በጸደቀ በ48 ሰዓት ውስጥ ኦክላሆማ ሲቲ ወዳለው የአውሮፕላን ምዝገባ ክፍል ይላካል። የኪቱ የጥገና መመሪያ ከአውሮፕላኑ ሰነዶች ጋር ይቀመጥ፤ በየዓመታዊ ምርመራው የጨርቁ ጠርዝ፣ ስፌቱ፣ የሪሉ አቆላለፍና የቡሎኑ ጥብቀት የሚታዩት በእሱ መሠረት ነው።