ዘላቂ የቤት አሠራር የሚያስተምሩ እጩ መምህራንን እንዴት እናሠልጥን?

የዘላቂ ቤት ዲዛይንና ግንባታ መምህር የተዋጣለት ግንበኛ መሆን የለበትም። የተሰነጠቀ ግድግዳ ሲያይ ምክንያቱን መለየት፣ ተማሪውንም ራሱ እንዲደርስበት መምራት ግን አለበት። ስለዚህ ሥልጠናውን ከአፈር ጀምሩ፤ የሚበላሹ ናሙናዎችንም ሆን ብላችሁ አሠሩ።

መርሐ ግብሩ ወቅቱን ይከተል። የጭቃው ሥራ ከኅዳር እስከ የካቲት ይለቅ። የሙከራ ግድግዳዎቹ ሰኔ ሳይገባ ከደረቁ ክረምቱ ራሱ ይፈትናቸዋል።

መጀመሪያ እጩዎቹ ሁለት ዓይነት አፈር ያምጡ፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ከሆነ ከአቃቂ ወይም ከኮዬ ፈጬ በኩል ጥቁሩን መረሬ፣ ከቡራዩ ወይም ከእንጦጦ ግርጌ ቀዩን። ሥርና ብስባሽ እንዳይገባበት ላይኛውን 50 ሴንቲ ሜትር ጠርጎ ከሥሩ መውሰድ ነው። ከዚያ አራት ቀላል ምርመራዎች ይሠራሉ።

የጠርሙስ ምርመራ፦ ግልጽ የአንድ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ሩቡን በተነፋ አፈር ሙሉት፤ ውሃና ቁንጥጫ ጨው ጨምሩና በደንብ በጥብጡ። አሸዋው በደቂቃ ውስጥ ይዘቅጣል፤ ሸክላው ግን እስከ ማግስቱ ይቆያል። እጩዎች እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ፤ ሸክላ ውሃ ውስጥ ስለሚያብጥ በማስመሪያ ሲለካ ከእውነተኛው መጠኑ በላይ ይታያል። ስለዚህ በዚህ ምርመራ ብቻ እንዳይወስኑ አስጠንቅቋቸው።

የጥቅል ምርመራ፦ እርጥብ አፈር 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እስኪኖረው በእጅ ተጠቅልሎ ከጠረጴዛ ጠርዝ ቀስ እያለ ይገፋል። ከ5 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ርዝመት ከተቆረጠ አሸዋ በዝቶበታል፤ ከ15 ካለፈ ሸክላ በዝቶበታል። መካከሉ ለጡብ ይሆናል።

የመኮማተር ሳጥን፦ ውስጡ 60 በ4 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን ዘይት ተቀብቶ በእርጥብ አፈር ይሞላል፤ ጥላ ሥር ሳምንት ያህል ይደርቃል። የደረቀውን አፈር ወደ አንድ ጫፍ ገፍታችሁ ክፍተቱን ለኩ። መረሬው እዚህ ላይ ተሰባብሮ ይገኛል፤ ተማሪም የማይረሳው ይህንን ነው።

የመጣል ምርመራ ለውሃ መጠን ነው፦ በእጅ የተጨመቀ ድብልቅ ከትከሻ ከፍታ ሲጣል ጥቂት ቦታ ከተከፈለ ልክ ነው፤ ዱቄት ከሆነ ውሃ አንሶታል፤ ተጠፍጥፎ ከቀረ በዝቶበታል።

የመረሬው ውጤት በቀጥታ ወደ መሠረት ትምህርት ይወስዳችኋል። ይህ አፈር ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በላዩ ያረፈው ቤት ግድግዳም በበርና በመስኮት ማዕዘን በኩል በሰያፍ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ተቆርጦ ይወጣል፤ በምትኩ ገረጋንቲ በየንጣፉ እየተጠቀጠቀ ይሞላል፤ የጣሪያ ውሃም ከመሠረቱ ይርቃል። ግድግዳ ሥር የተተከለ ባሕር ዛፍ ደግሞ እርጥበቱን መጥጦ ያንኑ ችግር ያመጣል።

ቀዩ አፈር ለተጨመቀ ጡብ ይሆናል። በባልዲ 14 አፈር፣ 1 ሲሚንቶ፤ ሸክላው ከበዛ አሸዋ ይጨመርበት። መጀመሪያ በደረቁ ይደባለቅ፣ ውሃው በኋላ ይርከፍከፍ፤ ውሃ የነካው ድብልቅ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ጡብ መጭመቂያው ማሽን መግባት አለበት። ጡቡ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ ይሁን፤ ለግንባታ የሚደርሰው በ28 ቀን ነው። ጥቂቱን ሆን ብላችሁ የጥር ፀሐይ ላይ ተዉት። ሲሚንቶው ሳይጠነክር ውሃው ስለሚተን፣ ሁለቱንም 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ስትነክሩ የፀሐዩ ጡብ ጠርዙ በጣት ይፈረፈራል።

የጭቃ ግድግዳ ግን ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ይሰጠው፤ በአዲስ አበባ ዳርቻ ብዙ ተማሪ የሚያውቀው ቤት እሱ ነውና። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር እየተረገጠ ለቀናት ይቡካ። አንድ ሜትር ርዝመትና አንድ ሜትር ቁመት ያላቸው ሦስት ግድግዳዎች ይሠሩ፤ አንዱ በቀጥታ መሬት ላይ፣ ሁለተኛው 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ፣ ሦስተኛው በድንጋይ መሠረት ላይ ሆኖ 60 ሴንቲ ሜትር ወጣ ያለ የቆርቆሮ ክፈፍ ያለው። ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙሩ፤ አለበለዚያ ማነጻጸሩ ዋጋ የለውም። መስከረም ላይ የመጀመሪያውን ግርጌ እዩ፤ ከመሬት የሚፈናጠረው ውሃ ይበላዋል። ቋሚ እንጨቱም የሚበሰብሰውና ምስጥ የሚወጣበት እዚያው ነው።

ስለ ፀሐይ ትምህርት ሲሰጥ ከውጭ የተቀዳ ምክር ይጣራ። ለሞቃት አገር የተጻፈ መመሪያ ሁሉ «ፀሐይ ከልክሉ» ይላል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ በደቡብ በኩል 58 ዲግሪ ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትሆን፣ በደቡብ ያለ መስኮት ሙቀት ያስገባል። በሰኔ ደግሞ በሰሜን በኩል ናት። በቀጥ ያለ ዱላና በጥላው ይለኩት፤ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

የዝናብ ውሃው ስሌት አጭር ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ፣ 1,100 ሚሊ ሜትር ዓመታዊ ዝናብና የሚባክነው ሲቀነስ 0.8 ሲባዙ 35,200 ሊትር ይሆናል። እጩዎች እዚህ ያቆማሉ፤ «ክረምት የመጣው ውሃ እስከ ሚያዝያ የት ይቀመጥ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ወጪው ያለው ታንከሩ ላይ ነው።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ እጩ ለጓደኞቹ የ10 ደቂቃ ትምህርት ይስጥ። ዋናው ጉድለት የሚታወቅ ነው፤ ናሙናው ገና ሳይታይ «የተሰነጠቀው ጭድ ስለሌለው ነው» ብሎ መልሱን መናገር። እስኪለምዱ ድረስ የመጀመሪያዎቹን 3 ደቂቃዎች ጥያቄ ብቻ እንዲጠይቁ እዘዟቸው፤ ምን ይታያችኋል? የት ጀመረ? ከላይ ነው ከታች? ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል አምስት አምስት ሆነው ለየቡድኑ አንድ ናሙና ይሰጣቸው።

በፈተናው ቀን ለግድግዳ ውበት ነጥብ አትስጡ። እጩው ከዚህ በፊት ያላየው አንድ የተበላሸ ጡብና አንድ የተሰነጠቀ ምርጊት ይቅረብለት፤ ምክንያቱን፣ ማረጋገጫ ምርመራውንና ተማሪን የሚጠይቅበትን ጥያቄ በ20 ደቂቃ ይጻፍ። ምክንያቱን አግኝቶ ምርመራውን ካልጠቀሰ ግማሽ ነጥብ ይበቃዋል።