ለተገፉ ገበሬዎች ውሃ እንደገና ሲደለደል የሚፈጸሙ ስህተቶች

በደቡብ አፍሪካ የወንዝ ውሃ መብት ለረጅም ዘመን ወንዙን ከሚያዋስነው መሬት ጋር የተያያዘ ነበር። የ1913ቱ የመሬት ሕግ ጥቁሮች ከተከለለላቸው ጥቂት አካባቢ ውጭ መሬት እንዳይገዙ ሲከለክል ውሃውንም አብሮ ነጠቃቸው። በ1998 የወጣው ብሔራዊ የውሃ ሕግ ይህን ትስስር በጥሶ መንግሥትን የውሃው ባለአደራ አደረገ፤ ፈቃድ ሲሰጥም ያለፈውን የዘርና የፆታ መድልዎ ማረም ከመመዘኛዎቹ አንዱ እንዲሆን ደነገገ። የሕጉ አንቀጾች ጠንካሮች ናቸው። የመስኖው ውሃ ግን ዛሬም በአብዛኛው በቀድሞዎቹ ባለይዞታዎች እጅ ነው። ችግሩ ያለው አፈጻጸሙ ላይ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶችም ድልድል በሚሻሻልበት ተፋሰስ ሁሉ የሚያጋጥሙ ናቸው።

የተመዘገበውን ሁሉ ሕጋዊ አድርጎ መቁጠር

አንድ ትልቅ እርሻ ሦስት የተለያዩ የውሃ መጠኖች አሉት፦ ያስመዘገበው፣ ሕግ የሚፈቅድለትና በእርግጥ የሚቀዳው። ባለይዞታው ወደፊት እንዳይቀነስበት አስቀድሞ ከፍ አድርጎ ያስመዘግባል። መዝገቡን ብቻ የደመረ ባለሙያ ተፋሰሱ ሞልቷል ብሎ ይደመድማል፤ አዲስ አመልካችም «ውሃ የለም» ተብሎ ይመለሳል።

የደቡብ አፍሪካ ሕግ ነባር ሕጋዊ አጠቃቀም የሚለው፣ ሕጉ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት በሕጋዊ መንገድ ሥራ ላይ የዋለውን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የዚያን ጊዜ የሳተላይት ምስል አውጥተው በመስኖ የለማውን ሄክታር ይለኩ፤ የሰብሉን ዓይነትና የግድቡን መጠን መዝግበው ውሃውን ያስሉ። ቀጥሎ ያ አጠቃቀም በቀድሞው ሕግ የተፈቀደ እንደነበር ያጣሩ። በመጨረሻ ዛሬ ከሚቀዳው ጋር ያነጻጽሩ። ሥራው አድካሚ ነው፣ ክርክርም ያስነሳል። ሳያጠናቅቁት ወደ ድልድል መግባት ግን ትርፍ የተመዘገበውን ውሃ እንደ መብት ማጽደቅ ነው።

በዓመታዊ መጠን ብቻ ፈቃድ መጻፍ

ይህኛው ስህተት ወረቀት ላይ አይታይም፤ የሚታየው ሰብሉ ሲጠወልግ ነው። 20 ገበሬዎች ሁለት ሁለት ሄክታር አላቸው እንበል፤ በድምሩ 40 ሄክታር። በሄክታር 8,000 ሜትር ኩብ ታስቦ በዓመት 320,000 ሜትር ኩብ ተፈቀደላቸው። ለ365 ቀናት ሲካፈል በሰከንድ 10 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ቦዩንም ፓምፑንም በዚህ ልክ የሠራ ሰው ገበሬዎቹን ጉድ ያደርጋቸዋል።

ሰብሉ በሙቀቱ ወቅት በቀን 6 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢፈልግ፣ 1 ሚሊ ሜትር በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ስለሆነ ለ40 ሄክታር በቀን 2,400 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። በቦይና በማሳ ላይ ከሚለቀቀው ውሃ 60 በመቶው ብቻ ሥሩ ጋ የሚደርስ ከሆነ 4,000 ሜትር ኩብ መልቀቅ የግድ ነው። ሌት ተቀን ሳይቋረጥ ቢፈስ በሰከንድ 46 ሊትር ይሆናል። ገበሬዎቹ የሚያጠጡት ቀን ቀን ለ12 ሰዓት ብቻ ከሆነ ደግሞ ወይ 93 ሊትር በሰከንድ የሚያሳልፍ ቦይ፣ ወይም የሌሊቱን ፍሰት የሚይዝ 2,000 ሜትር ኩብ የማጠራቀሚያ ኩሬ ያሻል። ፈቃዱ ላይ ሦስቱም ይጻፉ፦ ዓመታዊው መጠን፣ የወሩ ጣሪያና ከፍተኛው ፍሰት በሊትር በሰከንድ።

ፈቃዱን ከመሣሪያው ነጥሎ መስጠት

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1908 በሞንታና ግዛት ፎርት ቤልክናፕ በተባለው የተከለለላቸው መሬት የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች የውሃ መብት እንዳላቸው ወሰነ። ይሁንና እንዲህ ዓይነት መብት ያላቸው በርካታ ነባር ሕዝቦች ውሃውን የሚያመጣ ቦይ ሳይኖራቸው አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። 10 ሊትር በሰከንድ ውሃ 30 ሜትር ከፍታ ላይ ለማውጣት፣ የፓምፑና የሞተሩ ድምር ብቃት 60 በመቶ ቢሆን፣ ወደ 5 ኪሎ ዋት ኃይል ይጠይቃል። የኃይሉን ወጪ ማን እንደሚከፍል ሳይወሰን የሚሰጥ ፈቃድ ፓምፕ ላለው ጎረቤት የሚከራይ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

በድርቅ ጊዜ አዲሱን ገበሬ ከሰልፉ መጨረሻ ማቆም

«ቀድሞ የያዘ ቀድሞ ይጠጣ» የሚል ደንብ ባለበት፣ ቀድሞ እንዳይዝ በሕግ የተከለከለው ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ይቀጣል። ሁሉንም በእኩል መቶኛ መቀነስም የሚመስለውን ያህል ፍትሐዊ አይደለም። 50 በመቶ የተቀነሰበት የ100 ሄክታር እርሻ 50 ሄክታሩን ያለማል፤ የአንድ ሄክታር ገበሬ ግን የፓምፕና የዘር ወጪው ሳይቀንስ ግማሽ ማሳ ይቀረዋል። የመጀመሪያው ሄክታር ውሃ መጨረሻ ላይ እንዲቀነስ፣ ቅነሳው ከትልልቆቹ ድርሻ እንዲጀምር፣ ለዚህም መነሻ የሚሆነው በግድቡ ውስጥ ያለው የውሃ ከፍታ ድርቁ ሳይመጣ በደንቡ ላይ በቁጥር ይጻፍ።

የቅነሳውን ምክንያት በግልጽ አለመጻፍ

በደቡብ አፍሪካ ሕግ በቅነሳው ኢኮኖሚያዊ ህልውናው ክፉኛ የተጎዳ ነባር ተጠቃሚ ካሣ ሊጠይቅ ይችላል። ቅነሳው ለሰው መሠረታዊ ፍላጎትና ለወንዙ ሥነ ምህዳር የሚጠበቀውን ውሃ ለማሟላት፣ ከአቅም በላይ የተደለደለውን ለማስተካከል ወይም ፍትሕ የጎደለውን አጠቃቀም ለማረም ከሆነ ግን ያ ድርሻ በካሣው ስሌት ውስጥ አይገባም። ውሳኔው ላይ «ለልማት» የሚል ቃል ብቻ የጻፈ መሥሪያ ቤት ይህን መከላከያ ራሱ ይጥለዋል። የትኛው ሜትር ኩብ በየትኛው ምክንያት እንደተቀነሰ ለያይተው ይጻፉ።

የቦዩን ጫፍ ሳይለኩ ተራ ማውጣት

አዲሶቹ ገበሬዎች ብዙውን ጊዜ የሚመደቡት ቦዩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ውሃው ደግሞ በስርገትና በስርቆት እየሳሳ ነው እነሱ ጋ የሚደርሰው። ተራቸው በሰዓት ሳይሆን በሚደርሰው ሜትር ኩብ ይሰላ። ለትናንሽ ቦዮች 90 ዲግሪ የሦስት ማዕዘን ቁርጥ ያለው የብረት ሳህን ይበቃል፦ ውሃው ከቁርጡ የታችኛው ጫፍ በላይ 10 ሳንቲ ሜትር ሲቆም ወደ 4.4፣ 20 ሳንቲ ሜትር ሲቆም ወደ 25 ሊትር በሰከንድ ያልፋል። መለኪያው ዘንግ ከሳህኑ ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ከውሃው ከፍታ አራት እጥፍ ያህል ርቆ ይተከል፤ ከሳህኑ በታች ውሃው በነፃ ይውደቅ። በ20 ሳንቲ ሜትር ላይ የአንድ ሳንቲ ሜትር የንባብ ስህተት ፍሰቱን 12 በመቶ ያህል ያዛባል፤ ስለዚህ ደለሉ በየጊዜው ይጠረግ፣ ንባቡንም የላይኛውና የታችኛው ተጠቃሚ ተወካዮች አብረው ይፈርሙበት።

ፈቃዱን በአባወራው ስም ብቻ ማውጣት

ማሳውን የምታጠጣው ሚስት ስሟ ከሌለ በማኅበሩ ስብሰባ ድምፅ አይኖራትም፤ ባል ቢሞት ወይም ቢለያዩም ውሃው ከእርሷ ጋር አይቀርም። ፎርሙ ላይ ሁለት የስም መስመር ይኑር፤ ዝውውሩም ያለ ሁለቱ ፊርማ አይጽደቅ።