ፖርሽ ቦክስተር 986 እና 911 (996)፦ ከምልክቱ ተነስቶ የተደበቀውን ቁጠባ ማግኘት

ፖርሽ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለኪሳራ ተቃርቦ ነበር። ከዚያ ያወጡት ቦክስተር 986 እና 911 (996) በሮቻቸውን፣ የፊት አካላቸውንና የኤም96 ሞተርን መሠረት ይጋራሉ። ወጪ የተቆጠበው ግን በመጋራት ብቻ ሳይሆን ገዢ በማያየው ቦታም ነው። በዚያው ዘመን የወጡት 911 ቱርቦና ጂቲ3 ሌላ፣ ውድ ሞተር ስለያዙ ቀጥሎ ያለው የኩሽኔታ (ዘንግ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ጉዳይ አይመለከታቸውም። ስለዚህ ኩባንያው የተሻለውን መንገድ አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም።

በሞተሩና በካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መጋጠሚያ ዘይት ይንጠባጠባል፣ ወይም በፊልትሮው ውስጥ የሚያብረቀርቅ ብናኝ አለ

ፒስቶኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ (ክራንክሻፍት) ተነስቶ ቫልቮችን የሚከፍቱትን ዘንጎች (ካምሻፍቶች) ሰንሰለት የሚያዞር መካከለኛ ዘንግ አለ። በቮላኖው (በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ከባድ ዲስክ) በኩል ያለው ጫፉ የተቀመጠው የራሱ ግራሶ ተሞልቶ በታሸገ ኩሽኔታ ላይ ነው። ችግሩ እዚህ ነው፦ ሙቀት መከለያውን ያደክመዋል፣ ግራሶው ይታጠባል፣ በቦታው የገባው ዘይት ደግሞ አይዘዋወርም። ኳሶቹ ሲበሉ ዘንጉ ይወላገዳል፣ ሰንሰለቱ ጥርስ ይዘላል፣ ቫልቮች ፒስቶን ይመታሉ። ብዙ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው። እስከ 2000 አካባቢ ኩሽኔታው ባለ ሁለት ረድፍ ነበር፤ ከዚያ እስከ 2005 መጀመሪያ የተገጠመው ባለ አንድ ረድፍ ይበልጥ ደካማ ነው። አሜሪካ ውስጥ በቀረበ የጋራ ክስ በ2013 ስምምነት የተደረሰው ከግንቦት 2001 እስከ የካቲት 2005 በተሠሩት ላይ ነው፤ ሽፋኑ በመኪናው ዕድሜ የተገደበ ስለነበር ዛሬ አይሠራም።

ምርመራው ቀላል ነው። ዘይት ሲቀየር የፊልትሮውን ወረቀት በምላጭ ቆርጠው እጥፋቶቹን አንድ በአንድ ይዘርጉ፤ ከዚያ ማግኔት ያስጠጉ። ማግኔት የማይስበው ቡናማ ወይም ጥቁር ፕላስቲክ ከሰንሰለቱ መምሪያ የተፋቀ ነው፤ ልብ ይበሉት እንጂ አያስደነግጥም። ማግኔት የሚስበው የብረት ብናኝ ከሆነ ግን ሞተሩን ዳግም አያስነሱ። ብናኙ በዘይት መንገዱ ሁሉ ስለተበተነ ኩሽኔታውን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው፤ ሞተሩ መፈታትና መታጠብ አለበት።

ፊልትሮው ንጹህ ከሆነ ፍሪሲዮን ሲቀየር አብሮ ይሠራ፤ ካምቢዮው የሚወርደው አንዴ ነው። ፍሪሲዮኑና ቮላኖው ከወጡ በኋላ ክራንክሻፍቱ በፑሌጊያው (የቀበቶው መዘውር) በኩል በፒን ይታሰራል፣ ካምሻፍቶቹ ይቆለፋሉ፣ የሰንሰለት መወጠሪያዎቹ ይፈታሉ። ባለ ሦስት ብሎን የኩሽኔታው ክዳን የሚነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ያዛባ መካኒክ ዘንጉ ወደ ጎን ተስቦበት ታይሚንጉን (የቫልቮችና የፒስቶኖች ቅንጅት) ያጣል። አሮጌው ኩሽኔታ በመሳቢያ መሣሪያ ይወጣል፤ የሴራሚክ ኳስ ያለው አዲስ ይገባል። የክራንክሻፍቱ የኋላ ሲልም (የዘይት መከላከያ ቀለበት) እዚያው ስለሆነና የሚያፈሰውም በዚያው ቦታ ስለሆነ፣ የትኛው እንዳፈሰሰ ሳይጨቃጨቁ ሁለቱንም ይቀይሩ። ከዚያ ዘይቱን በየ8,000 ኪሎ ሜትር መቀየር ነው፤ የፋብሪካው ረጅም ርቀት ለዚህ ሞተር አይበጅም።

ሲነሳ ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣል

የዘይት ትነት መለያው ስስ ሽፋን ተቀዷል፤ ሞተሩ ዘይት እየሳበ ነው። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ለመክፈት ይሞክሩ፤ አጥብቆ ከሳበና ከተቸነከረ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም። መለያው አይጠገንም፣ ሙሉው ይቀየራል። በአየር ማስገቢያው የተጠራቀመውን ዘይት ጠርገው ያውጡ። እየጨሰ መንዳት ካታሊስቱን (የጭስ ማጣሪያውን) ያበላሻል፤ ብዙ ዘይት በአንድ ጊዜ ሲሊንደር ከገባም የፒስቶን ክንድ ይጣመማል።

የኋላ ሻንጣ ቤት ምንጣፍ ርጥብ ነው፣ ጣፋጭ ሽታ አለ (ቦክስተር)

የማቀዝቀዣው ፕላስቲክ ታንክ በመጋጠሚያው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አውጥቷል። ማጣበቂያ ግፊቱን አይችልም። ታንኩን ከነክዳኑ ይቀይሩ፤ የክዳኑ ቁጥር መጨረሻ 04 መሆኑን ያረጋግጡ፣ 01 አሮጌው ነው። ሲሞላም አየር እንዳይቀር በቫኪዩም ይሞላ።

የውሃ ፓምፑም ክንፎቹ ፕላስቲክ ናቸው። ተሰብረው ከተገኙ ስብርባሪው በሞተሩ የውሃ መንገድ ውስጥ ስላለ ታጥቦ ይውጣ። «የብረት ክንፍ ይሻላል» የሚል ሻጭ አይጠፋም፤ ነገር ግን የፓምፑ ኩሽኔታ ሲላላ ብረቱ የሞተሩን ብሎክ ይቦረቡራል። ጥሩ ፕላስቲክ ያስገቡ፣ ዘንጉ መወዛወዝ ሳይጀምርም ይቀይሩ።

ከዝናብ በኋላ አላርሙ ይጮኻል፣ መኪናው ቁልፉን አያውቅም (ቦክስተር)

የጣሪያው ውሃ መውረጃ በቅጠል ተደፍኖ ውሃው ወደ ውስጥ ገብቷል። የኢሞቢላይዘሩ (ቁልፉን ለይቶ ሞተሩ እንዲነሳ የሚፈቅደው መሣሪያ) ሳጥን ያለው ደግሞ ከመቀመጫው ሥር፣ ወለሉ ላይ ነው፤ ለመገጣጠም የቀለለ፣ ለውሃ የተመቸ ቦታ። መጀመሪያ ባትሪውን ይንቀሉ። ሳጥኑን አውጥተው ያድርቁ። መውረጃውን በለስላሳ የናይለን ገመድ ይክፈቱ፤ በኮምፕረሰር አየር ከነፉት ቱቦው ከቦታው ሊወልቅ ይችላል። ሳጥኑ ከሞተ አዲሱ ያለ ቁልፉ ኮዶች አይሠራም፤ ያገለገለ ሲገዙ ከነቁልፉና ከነኮዱ ይጠይቁ።

ቁልፉ ወጥቶ ሬዲዮው ወይም ማራገቢያው አይጠፋም

የማስነሻው የኤሌክትሪክ ክፍል አልቋል። ሙሉውን የመሪ መቆለፊያ ለመቀየር ዋጋ ከተነገረዎት አይቸኩሉ። ይህ ነጭ ፕላስቲክ ማብሪያ ከኦዲ የተወሰደ ነው፣ በኦዲ መለዋወጫ ቤት በቁጥር 4ኤ0 905 849ቢ በርካሽ ይገኛል። ባትሪው ይነቀል፤ ቀለም የተቀቡት ሁለት ትናንሽ ብሎኖች ይላላሉ፤ ማብሪያው ወደ ኋላ ይሳብ። የቁልፉ ሲሊንደር አይነካም፣ ቁልፍዎም ያው ይቀጥላል።