በወር አንድ ደብተር፦ ኮላጅን የየዕለት ልማድ ለማድረግ

የየዕለት ኮላጅ (ቁርጥራጭ ወረቀት ገጽ ላይ እየለጠፉ የሚሠሩት ሥዕል) ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው ሐሳብ ስላለቀ አይደለም። ትናንት የተለጠፈው አልደረቀም፣ ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፣ ደብተሩ አብጦ አልዘጋ ብሏል፣ ጠረጴዛው በቁርጥራጭ ተሞልቷል፤ በአምስተኛው ቀን ሁሉም ነገር ተሰብስቦ መሳቢያ ይገባል። ስለዚህ ከሥዕሉ በፊት የሚስተካከለው ደብተሩና ኮላው ነው። (ኮላጅ በፈረንሳይኛ፣ ኮላ በጣሊያንኛ በኩል ይምጡ እንጂ ግንዳቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ከግሪኩ የሙጫ ስም የወጡ ናቸው።)

የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል። 8 ኤፎር ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ 32 ገጽ ይሆናል፤ 30ው ለቀናቱ፣ የፊተኛውና የኋለኛው ከሽፋኑ ጋር ለሚጣበቀው። ለጳጉሜን 2 ወረቀት ይበቃል፤ 6 ቀን በምትሆንበት ዓመትም 8ቱ ገጽ ልክ ይመጣል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 120 ግራም ይሁን። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው የተለመደው 80 ግራም ነው፤ እሱ እርጥብ ነገር ሲነካው ይጨማደዳል። ሌላ ከጠፋ በስቲክ ኮላ ብቻ ሥሩበት፣ ቀለም አታስነኩት።

መደብ የሚቀባው ደብተሩ ከመሰፋቱ በፊት፣ ወረቀቶቹ ገና ተዘርግተው ሳሉ ነው። ሁሉንም አትቀቡ፤ ግማሹ ነጭ ሆኖ ይቅር። ከቡና የተረፈ በረካ ካለ ጥሩ መደብ ይሆናል፤ ስስ ስለሆነ አንዴ ቀብታችሁ ሲደርቅ ድገሙት። አቦል በአንድ ጊዜ ያጠቁራል። ቡናው ከመቀባቱ በፊት በጧፍ መስመር ብታሰምሩ መስመሩ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሰሙ ባለበት ግን ኮላ አይዝም፣ የምትለጥፉበትን ቦታ ተዉለት። አንዱ ፊት ሲደርቅ ሌላውን ቀቡ፤ ከዚያ ክብደት ጭናችሁ አሳድሩት።

በማግስቱ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አጥፋችሁ ማጠፊያውን በማንኪያ ጀርባ እሹት። ከብስኩት ካርቶን 21 በ31 ሴንቲ ሜትር ሽፋን ቁረጡ። ከዚሁ ካርቶን ደግሞ 21 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 7 ቁራጮች አውጡ፤ በቁመታቸው ለሁለት አጥፉ። 8ቱን ወረቀቶች አንዱን በሌላው ውስጥ ስትከቱ በየሁለት ወረቀት መካከል አንድ አንድ ቁራጭ አስገቡ፤ ሽፋኑን ከውጭ አልብሱ። ይህን ሥራ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ደብተሩ ወር ሳይሞላው አፉን ከፍቶ የሚቀረውም ለዚህ ነው። የሚለጠፈው ነገር ገጹን ያወፍራል፣ ጀርባው ግን ያው ስስ ነው፤ ቁራጮቹ ጀርባውን አብረው ያወፍሩታል።

ለስፌቱ በማጠፊያው ላይ ሦስት ቀዳዳ በወስፌ ብሱ፦ አንድ መሃል ላይ፣ ሌሎቹ ከእሱ 7 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይና ወደ ታች። ሁሉንም በአንድ ላይ መብሳት ከከበደ ሦስት ሦስት እያደረጋችሁ ብሱ። 55 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠንካራ ክር ጧፍ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎትቱ፤ ሰሙ ከመተብተብ ያድነዋል። ከውስጥ በመሃሉ ቀዳዳ ወደ ውጭ አውጡ፣ በላይኛው ወደ ውስጥ መልሱ፣ በውስጥ በኩል መሃሉን አልፋችሁ በታችኛው አውጡ፣ በመጨረሻም በመሃሉ ወደ ውስጥ አስገቡ። ሁለቱን ጫፎች ከረጅሙ ክር ግራና ቀኝ አድርጋችሁ ቋጥሩ።

ኮላው ነጩ የእንጨት ኮላ ነው። ለጋዜጣና ለሶፍት ዓይነት ስስ ወረቀት 2 እጅ ኮላ በ1 እጅ ውሃ፤ ለወፍራሙ እንዳለ። ወረቀት ውሃ ሲጠጣ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ቁራጩና ገጹ እኩል ካልሰፉ ይጨማደዳል። ስለዚህ የቁራጩን ጀርባ ቀቡ፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ አስቀምጣችሁ በአሮጌ የባንክ ካርድ ከመሃል ወደ ዳር ግፉ። ላዩ ላይ የተቆረጠ ፌስታል አንጥፉ፤ ይህ ኮላ ፌስታል ላይ አይጣበቅም። ደብተሩን ዘግታችሁ ከከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሩት። የስንዴ ዱቄት ሙጫም (1 ማንኪያ ዱቄት በ5 ማንኪያ ውሃ፣ እየተማሰለ እስኪወፍር) ይሠራል፤ ግን በጥቂት ቀን ይሸታል፣ መደርደሪያ ላይ ደግሞ በረሮ ይጠራል።

ምን ይለጠፋል? የሻይ ካርቶን፣ የሎተሪ ቲኬት፣ የክብሪት ቤት፣ የልብስ ዋጋ ወረቀት። ጋዜጣ ብርሃን ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል፤ ይህን ከወደዳችሁት ችግር የለውም። የኤቲኤም ደረሰኝ ግን ጽሑፉ ይጠፋል፣ ኮፒውን ለጥፉ። ቀለም በሚረጭ ፕሪንተር የታተመም ኮላ ሲነካው ይፈስሳል፤ ፎቶ ኮፒ አይፈስስም፣ ምክንያቱም ቶነሩ በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ የተጣበቀ የፕላስቲክ ዱቄት ነው።

ይኸው ቶነር ምስል ለማሻገር ይረዳል። ገጹን በነጭ አክሪሊክ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ሳይደርቅ ፎቶ ኮፒውን ፊቱን ደፍታችሁ ለጥፉ፣ አየሩን በካርድ አስወጡና ይደር። ጠዋት ጀርባውን በእርጥብ ስፖንጅ አርሳችሁ በጣት እያዞራችሁ ፈትጉ፤ ወረቀቱ እየተንከባለለ ይወጣል፣ ምስሉ ይቀራል። ሲደርቅ ነጭ ጭጋግ ይለብሳል፤ እንደገና አርሶ መፈተግ ነው። ጥፍር የተጠቀመ ምስሉንም ይልጠዋል። ጽሑፍ ከሆነ ተገልብጦ ይወጣል። ለ፣ ሰ እና በ ብዙም አይታወቅባቸውም፤ ካዕብና ሣልሱ ላይ ግን የቀኙ ቅጥያ ወደ ግራ ይዞርና ሉ እና ሊ መልካቸው ይጠፋል። ስለዚህ ፎቶውን ስልክ ላይ ገልብጣችሁ አሳትሙ።

የቀኑ ሥራ 15 ደቂቃ ነው፣ በስልክ ሰዓት ተይዞ። ይህ የሚሆነው ግን እሁድ 20 ያህል ቁራጭ ተቆርጦ አንድ ፖስታ ውስጥ ከገባ ብቻ ነው፤ በየቀኑ መጽሔት ማገላበጥ የጀመረ ሰዓቱን እዚያው ይጨርሳል። አንድ ትልቅ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ትንሽ ቁራጭ ምረጡ፣ ያለ ኮላ ደርድሩ፣ በስልክ ፎቶ አንሱ። ፎቶው ለማስታወሻ ነው፤ ቁራጮቹ ለኮላ ሲነሱ የቱ በየት እንደነበር ይጠፋል። ከሥር ያለውን አስቀድማችሁ ለጥፉ። ጋዜጣ በቁመቱ ሲቀደድ ቀጥ ይላል፣ በአግድም ይዘነጣጠላል፤ ሁለቱም ጠርዝ የየራሱ መልክ አለው። ሳምንቱን በአንድ ዓይነት ቁስ መገደብም ደግ ነው፦ አንዱን ሳምንት ቲኬት ብቻ፣ ሌላውን ጋዜጣ ብቻ። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከአዝራርና ከክር፣ በኋላም ከተጣለ ኤሌክትሮኒክስ ያወጣውን ያየ ሰው ይህን አይንቅም።

ቀኑንና ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ። አክሪሊክና ኮላ በደረቀበት ላይ እስክርቢቶ ይንሸራተታል፣ ጫፉም ይደፈናል፤ እዚያ ላይ ፐርማነንት ማርከር፣ ባዶው ወረቀት ላይ እርሳስ ይሻላል። ወሩ ሲያልቅ ገጾቹን በሻማ ስስ አድርጋችሁ እሹ፤ የእንጨት ኮላ ሙቀትና ጫና ሲያገኘው ዳግም ይለሰልስና ገጽ ከገጽ ያጣብቃል።

ያመለጠ ቀን ወደ ኋላ ተመልሶ አይሞላም። ቀኑን ጻፉበትና እለፉት፤ ገጹ እስከ ወር መጨረሻ የብሩሽ መጥረጊያ ይሁን።