አነስተኛ የቴአትር ቡድኖች ከመጋረጃ ጀርባ የሚሠሯቸው ስህተቶች

መሐል አዲስ አበባ ላይ ቴአትር ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ብሔራዊ ቴአትር ወይም ፒያሳ ወዳለው ሀገር ፍቅር ነው። ሁለቱም አንጋፋ ናቸው፤ ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ 25ኛ ዓመት ሲከበር ተመርቆ ተከፈተ። ችግሩ የሚመጣው ስድስት ሰባት ሆነው፣ አዳራሽ ለምነው ወይም ተከራይተው የሚሠሩ ቡድኖች እነዚህን ቤቶች ልምሰል ሲሉ ነው። ከታች የዘረዘርኳቸው አብዛኞቹ ስህተቶች ምንጫቸው ይኸው ይመስለኛል።

ለሺህ ሰው መጮህ

ከሺህ በላይ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ተዋናይ ድምፁን እስከ መጨረሻው ረድፍ ማድረስ አለበት፤ እጁም ሰፋ ብሎ ይንቀሳቀሳል። ሰማንያ ወንበር በተደረደረበት ክፍል ግን ይኸው አተዋወን ያደክማል። ፊት የተቀመጠው ተመልካች የተዋናዩን ላብ ያያል፣ ትንፋሹን ይሰማል። ሹክሹክታ የሚሰማበት ቤት ማግኘት ጸጋ ነውና ይጠቀሙበት። «ድምፅህን ከፍ አድርግ» የሚል አዘጋጅ አስቀድሞ የኋላው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዳምጥ።

ወለሉ ሜዳ በሆነ አዳራሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ተዋናዩ መሬት ላይ ከተቀመጠ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ያለው ሰው የሚያየው የፊተኛውን ማጅራት ብቻ ነው። ገፀ ባሕርያቱን ሁሉ ወለል ላይ ካልገደለ የማይረካ አዘጋጅ ይህን ያስብበት። አልጋም አለ፣ መደብም አለ።

ቁሳቁሱን እስከ ምረቃው ቀን ማቆየት

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው። በጥናት ሰዓት ጀበናው የውኃ ጠርሙስ፣ ሲኒው የጠርሙሱ ክዳን ይሆናል። የምረቃው ዕለት እውነተኛው ረከቦት ሲመጣ እናቲቱን የምትጫወተው ተዋናይ ሦስት ሲኒ ቀድታ ሳትጨርስ ቃለ ተውኔቷ ያልቃል። ልጇ መልሱን ሰጥቶ ይጠብቃል፤ እሷ ገና ሁለተኛው ሲኒ ላይ ናት። ጀበናውን ቀና ብታደርገው አተላው ይናወጣል፣ ብትቸኩል ይፈስሳል። ባዶ ጀበና መያዝም አያዋጣም። በዚህ ከተማ ቡና ሲቀዳ ሳያይ ያደገ ተመልካች ስለሌለ ጀበናው ባዶ መሆኑን ከክንዷ አያያዝ ያውቀዋል።

ዕጣኑም አለ። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ በተሸፈኑበት ክፍል ጢሱ መውጫ ስለሌለው ፊተኛው ረድፍ ቀጣዩን ትዕይንት ሙሉ ሲያስል ይቆያል። ስለዚህ ረከቦቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ጥናት ቦታው ይግባ። በቡና ፋንታ ቀዝቃዛ ሻይ ቢቀዳ ግድ የለም፣ መቀዳት ግን አለበት። ቃለ ተውኔቱም ከእጇ ጋር እኩል እንዲያልቅ ይጠና፤ አንዳንዴ ደራሲው ሁለት መስመር መጨመር ሊኖርበት ይችላል። ዕጣኑ አንዲት ፍሬ ይበቃዋል።

ከመድረኩ ጀርባ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አንጥፎ የእያንዳንዱን ዕቃ ቅርጽ በማርከር መሳልም ይጠቅማል። ዕቃ ያልተቀመጠበት ቅርጽ ከታየ አንድ ነገር ጎድሏል፤ መጋረጃው ሳይከፈት ይፈለግ።

መስመሩን ሳያዩ መብራት መከራየት

አንድ ባለ 1000 ዋት የመድረክ መብራት በ220 ቮልት ወደ 4.5 አምፔር ይስባል። 16 አምፔር የሚችል ብሬከር ሦስቱን ይሸከማል። አራተኛው ሲጨመር ግን ወደ 18 ይጠጋል። ብሬከሩ ደግሞ ወዲያው ላይወድቅ ይችላል፤ ሲሞቅ ቆይቶ ትዕይንቱ መሐል ላይ ያጨልመዋል። ድምፅ ማጉያውና የሻይ ማፍያው በዚያው መስመር ላይ ካሉ ሦስቱም ይበዛሉ። ባለሙያ ጠርቶ የትኛው ሶኬት ከየትኛው ብሬከር እንደሚያያዝ ማወቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የኤልኢዲ መብራት ካገኙማ ጭነቱ በእጅጉ ይቀንሳል። የሰፈሩ መብራት የጠፋ እንደሆነ ደግሞ በባትሪ በሚሠሩ ሁለት ፋኖሶች መጫወትን አስቀድሞ ማጥናት ነው፤ ጄኔሬተር መስኮት ሥር ተነሥቶ ሹክሹክታ የሚሰማበት ቴአትር የለም።

ሰዓቱንና ወቅቱን መርሳት

ከሥራ መልስ 11:30 ላይ የሚጀምር ቴአትር የመግሪብ አዛን መሐሉ ላይ ያገኘዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓትና በ1 ሰዓት መካከል ነውና። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ የመስጊድም የቤተ ክርስቲያንም ድምፅ የማይደርስበት አዳራሽ ማግኘት ከባድ ነው። ቅሬታ የሚነሣበት ጉዳይ አይደለም፤ ከተማው እንዲህ ነው። የዝምታው ትዕይንት በዚያ ሰዓት እንዳይውል ማድረግ የአዘጋጁ ፋንታ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቴአትር ባይከፈት ይሻላል።

ፈቃድን እንደ ወግ ማየት

የቅጂ መብትና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራውን ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የውጭው ደራሲ ከዘመናት በፊት ቢሞትም የአማርኛው ተርጓሚ የራሱ መብት አለው። ብዙ ቡድን የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

መድረክ መሪ አለመሾም

አዘጋጁ ዋናውን ገፀ ባሕርይ እየተጫወተ፣ በጎን ድምፅ እየከፈተ፣ በር ላይ ትኬት እየቆረጠ አይሆንም። ጽሑፉን ይዞ «አሁን መብራት፣ አሁን ግባ» የሚል፣ የማይተውን አንድ ሰው ያስፈልጋል። ተዋናይ ቢጎድል ያ ሰው ወደ መድረክ አይውጣ። ለተዋናይ ምትክ ከመነሻው ይጠና፤ ለቴሌቪዥን ድራማ ቀረጻ ድንገት የሚጠራ ሰው መቼም አይጠፋም።

ለምረቃው ዘመድ አዝማዱን በነፃ መጥራት

ቤቱ ሞልቶ ጭብጨባው ይደምቃል፤ በሳምንቱ ግን ትኬት የሚገዛ ወዳጅ አይኖርም፣ ሁሉም አይቶታል። ለጋዜጠኞችና ለሙያ አጋሮች ጥቂት ወንበር ይያዝ፣ የቀረው ይሸጥ። በተዋንያን እናቶች ጉዳይ ግን ክርክር ውስጥ አልገባም፤ እነሱ በነፃ ይግቡ።