የሳይንስን ምክንያታዊነት በታሪኩ መሟገት

የሳይንስ ታሪክ በተሻሩ ንድፈ ሐሳቦች የተሞላ ስለሆነ ዛሬ የሚነገረውም አይታመንም የሚል ሙግት ሲገጥምዎ፣ ስሕተቶቹን ለማስተባበል አይሞክሩ። ተፈጽመዋልና እንዴት እንደታረሙ ማሳየት ይበልጣል።

በመጀመሪያ እያንዳንዱን አቋም በጊዜው በነበረው ማስረጃ ይመዝኑ። የ16ኛው ክፍለ ዘመን የሥነ ፈለክ ሊቅ ታይኮ ብራሄ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን የኮፐርኒከስን ሐሳብ ከተቃወመባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ከዋክብት በዓመቱ ውስጥ ጥቂት ፈቀቅ ብለው መታየት ነበረባቸው የሚል ነበር፤ ለክቶም አላገኘውም። የሥነ ፈለክ ሊቁ ቤሰል ይህን የከዋክብት ፈቀቅ ማለት የለካው በ1838 ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታይኮ ቢሳሳትም የተሟገተው በልኬት ነበር።

ቀጥሎ ከተሳካው ምሳሌ ጎን ያልተሳካውን ያስቀምጡ፤ ለዚህ ከፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ከለ ቬሪዬ የተሻለ ሰው አላውቅም። ዩራነስ በኒውተን ሕግ ከተሰላላት መንገድ ስታፈነግጥ፣ ሕጉን ከመጣል ይልቅ ያልታየች ፕላኔት እንደምትስባት ገምቶ ቦታዋን በስሌት ጠቆመ፤ በ1846 የሥነ ፈለክ ተመልካቹ ጋለ በርሊን ሆኖ ኔፕቱንን ከዚያ ቦታ 1 ዲግሪ እንኳ ሳትርቅ አገኛት። የሜርኩሪ ምሕዋርም ከስሌቱ ሲለይ፣ ያው ሰው በ1859 በዚያው አካሄድ ለፀሐይ የቀረበ ያልታየ አካል አለ አለ። ቩልካን የሚል ስም ወጣለት፣ አየነው ያሉም ነበሩ፣ ሆኖም ከብዙ ፍለጋ በኋላ እንኳ አልተገኘም። በሜርኩሪ ምሕዋር በየ100 ዓመቱ 43 የቅስት ሰከንድ (1 ዲግሪ 3600 የቅስት ሰከንድ ነው) የሚሆነውን ልዩነት በ1915 ያብራራው የአንስታይን አዲስ የስበት ንድፈ ሐሳብ ነው። ሁለቱም ግምቶች የት መፈለግ እንዳለበት በግልጽ ስለተናገሩ፣ ስሕተት ከሆኑ ስሕተትነታቸው ሊታወቅ ይችል ነበር፤ ምክንያታዊነታቸውም እዚህ ላይ ነው። ተሟጋችዎ የራሱን አማራጭ ሲያቀርብ ይህንኑ ይጠይቁት፦ የት እንፈልግ? ካጣነውስ የትኛውን እምነትህን ትተዋለህ?

ሳይንቲስቶችም እንደ ሌላው ሰው በእምነትና በክብር ፍላጎት ይነዳሉ ቢባል ያለ ማንገራገር ይቀበሉ። ነገር ግን ሐሳቡ የመነጨበትን ምክንያት ተቀባይነት ካገኘበት ምክንያት ይለዩ። የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር በሰማያት መለኮታዊ ጂኦሜትሪ እንዳለ አጥብቆ ያምን ነበር፤ የደከመበትን የማርስ ሞዴል ግን ከታይኮ ምልከታ በ8 የቅስት ደቂቃ (1 ዲግሪ 60 የቅስት ደቂቃ ነው) ስለተለየ ብቻ ጣለው።

በመጨረሻም «ቬገነርም ተስቆበት ነበር፣ በኋላ ግን ልክ ሆኖ ተገኘ» የሚለውን መከራከሪያ በጥንቃቄ ይያዙት፤ ተስቆባቸው ስሕተተኛ ሆነው የቀሩትን ማንም አይቆጥራቸውም። ቬገነር በ1912 አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ሲል የሚያንቀሳቅሳቸውን በቂ ኃይል ማሳየት አልቻለም ነበርና የተቺዎቹ ጥያቄ ተገቢ ነበር። በ1960ዎቹ ብዙኃኑን ያሳመነው እርሱ በሕይወት ሳለ ያልነበረው የውቅያኖስ ወለል የማግኔት ልኬት ነው።