አሮጌ የጋራዥ መሣሪያን ከጥቅም ውጪ የሚያደርጉ ስህተቶች

ከዓለም ገና እስከ ሰበታ መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ ኮምፕረሰር የገዛ ዕለት ባለ መስቀሉን የጎማ መፍቻ ጥግ ይጥለዋል። ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ይህን ተከትሎ የሚመጣው ነው፦ ዳዶን (ብሎኑ ላይ የሚታሰረውን) ከመጀመሪያው በኮምፕረሰሩ በሚሠራ የአየር መፍቻ ማሰር። የአየር መፍቻ ለመፍታት ግሩም ነው። ሲያስር ግን ጥርሱ ገጥሞ ይሁን ተጣሞ አይለይም፤ እጅ ግን ወዲያው ይለያል። የብዙዎቹ ኮሮላዎች የጎማ ብሎን 12 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀትም 1.5 ሚሊሜትር ነው። ዳዶው በጣት ብቻ አምስት ስድስት ዙር መግባት አለበት። ሁለተኛው ዙር ላይ ከያዘ አውጡት፣ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት፣ እንደገና ጀምሩ። እባካችሁ በጉልበት አትግፉት! ጥርሱ ይበላል፤ ባለመኪናው ሌላ ቀን ጎማ ሊቀይር ሲል ብሎኑ እጁ ላይ ይቆረጣል። በእጅ ከገባ በኋላ አንዱን እየዘለላችሁ በመስቀሉ አጥብቁ፣ ክሪኩን አውርዱ፣ መጨረሻውን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ መፍቻ አድርጉት፦ ለእነዚህ ኮሮላዎች 103 ኒውተን ሜትር፣ በድሮዎቹ መለኪያ 10.5 ኪሎግራም ሜትር። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላ ደግሞ ፈትሹት። መስቀሉ ላይ በእግር መቆም ክልክል ነው።

መርፌ ያለውን የድሮ ቶርክ መፍቻ «ቀጭ አይልም» ብሎ መሸጥም ያሳዝናል። ልኩ ሲደርስ ቀጭ እንደሚለው ዓይነት የሚደክም ስፕሪንግ የለውም። ሳይጫን መርፌው ዜሮ ላይ ከቆመ ልኩ ትክክል ነው፤ ካልቆመ መርፌውን ቀስ አድርጎ ወደ ዜሮ ማጠፍ ይበቃል። የሚያሳስተው ከእጀታው ውጪ መያዝና ቧንቧ መቀጠል ነው።

መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ያገለገለ ዕቃ ገበያው ውስጥ፣ መፍቻ ስትገዙ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። የ9/16 ኢንች መፍቻ 14.29 ሚሊሜትር ስለሆነ 14 ቁጥር ብሎን ላይ ይገባል፣ ግን ይላላና ማዕዘኑን በልቶ ክብ ያደርገዋል። የ3/4 ኢንች መፍቻና 19 ቁጥር ግን እርስ በርስ ይተካካሉ፤ ልዩነታቸው 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ለዛገ ብሎን ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ (የብሎኑን አናት ዙሪያውን የሚይዝ መፍቻ) እንጂ ባለ አሥራ ሁለት አትጠቀሙ።

መፍቻን በጋዝ አግሎ ማጣመም ጥንካሬውን ይገድለዋል፤ በሚቀጥለው ጠንካራ ዳዶ አፉ ይከፈታል።

አናቱ እንደ እንጉዳይ የተዘረጋ ስካርፔሎ (በመዶሻ የሚመታ የብረት መቁረጫ) ሳይሞረድ አይመታም፤ ስባሪው ዓይን ያጠፋል።

ከድሮ ቶዮታ ጋር የመጣ ባለ መስቀል ካቻቪቴ ካገኛችሁ ለማንም አትስጡ። የካርቡሬተሩ ብሎኖች፣ እንደ ካቻቪቴው ሁሉ፣ በጃፓን ደረጃ የተሠሩ ናቸው። ተራው ካቻቪቴ እስከ ታች ስለማይገባ ይንሸራተትና አናታቸውን ይበላዋል።

ዝገትን በግራይንደር አታንሱ፣ ልኩን ይቀንሰዋል። አቼቶ ውስጥ አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትጉት፣ በሳሙና እጠቡት፣ ወዲያው አድርቃችሁ ንጹሕ የሞተር ዘይት ቀቡት።